የኮዲንግ ሰርተፍኬት በቀጣሪው ሚዛን

 



ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ በአስኮ ያጋጠመኝ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ከመስጂድ ስወጣ ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ አንድ አባት አስቆሙኝ። ዘመናቸውን ሁሉ ቆዳ ሲቆርጡና ጫማ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የእጃቸው ጣቶች በወስፌና በክር ብዛት ጠንክረዋል። በብብታቸው የላስቲክ ክላሰር ይዘዋል።

«ልጄ፣ በኮምፒዩተር ሥራ ላይ ነህ ይሉኛል። እስቲ ይህን እይልኝ» አሉኝና ክላሰሩን ከፈቱት። ውስጡ ስድስት ሰርተፍኬት አለ። ሁሉም የወንድ ልጃቸው ስም የተጻፈባቸው፣ በቀለም ታትመው በላስቲክ የተለበጡ ናቸው። አንዱ የፓይዘን፣ አንዱ የድረ ገጽ ሥራ፣ አንዱ የዳታ ሳይንስ ነው። የቀሩትም የዚሁ ዘርፍ ናቸው። ሁሉም የተገኙት በኢንተርኔት ነው።

«ይህን ሁሉ ወረቀት የያዘ ልጅ እንዴት ሥራ ያጣል? ስምንት ቦታ አመለከተ። ሁለቱ ጠሩት፤ ሁለቱም መለሱት። አሁን ደግሞ አንድ ማሠልጠኛ ‹ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት እንሰጠዋለን፣ ሥራም እናስይዘዋለን› ብሎ 25 ሺህ ብር ጠይቆናል። ዕቁቤ ደርሶኛል። እርሱ ይህ ካልሆነ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ይላል። ልክፈል ወይስ ልተው?»

ወዲያው መልስ ለመስጠት አልደፈርኩም። «አባባ፣ ልጁን ልየውና እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለያየን። ይሁን እንጂ ጥያቄው የእርሳቸው ቤት ብቻ ጥያቄ እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ ያሰብኩትንና የማውቀውን ለአንባቢያንም ማካፈል ተገቢ ሆኖ አገኘሁት።

የወረቀቱ ጥማት ከየት መጣ?

እንደሚታወቀው በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና የብዙ ቤተሰብ ተስፋ የሚንጠለጠልበት ክር ነው። ክሩ ደግሞ በቅርብ ዓመታት እጅግ ቀጥኗል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስት የሚሆኑት ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቤተሰብ ሌላ በር መፈለጉ የሚያስገርም አይደለም።

በዚህ መካከል በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «የ5 ሚሊዮን ኮደርስ» ዕቅድን ይፋ አደረገ። ዕቅዱ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታዊ ትምህርት ያለ ክፍያ በኢንተርኔት እንዲማሩ የሚያደርግ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ሰርተፍኬት ይሰጠዋል። ዱባይም ከዚያ ቀደም ብላ በ2017 (እ.ኤ.አ.) «አንድ ሚሊዮን ዐረብ ኮደርስ» በሚል ስም ተመሳሳይ ሥራ ጀምራ ነበር።

ትምህርቱ የሚሰጠው ዩዳሲቲ በተባለው ተቋም በኩል ነው። የዚህ ተቋም አጀማመር ራሱ ትምህርት አለበት። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ሁለት መምህራን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩትን አንድ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ በኢንተርኔት ለዓለም ሕዝብ በነጻ ከፈቱት። 160 ሺህ ያህል ሰው ተመዘገበ። በአንድ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ያስተምር የነበረ መምህር በአንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ፊት ቆመ ማለት ነው። ዩዳሲቲ የተወለደው ከዚህ ነው።

ይህ በእርግጥ ታላቅ ጸጋ ነው። የአስኮ ልጅ ከቤቱ ሳይወጣ የታወቁ መምህራንን ትምህርት ሊከታተል ችሏል። ሆኖም አንድ ቀላል ሒሳብ ልብ ልንል ይገባል። ዕውቀት ለብዙ ሰው ሲከፋፈል አያንስም፤ ወረቀት ግን ያንሳል። አንድ ዓይነት ሰርተፍኬት በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው እጅ ከገባ፣ ቀጣሪው በወረቀቱ ብቻ አንዱን አመልካች ከሌላው ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱ «ይህ ሰው ጀምሯል» ይላል እንጂ «ይህ ሰው ችሏል» ለማለት አቅም የለውም።

ሰርተፍኬት ሁሉ አንድ አይደለም

ብዙ ወላጆች ሰርተፍኬት ሲባል ሁሉም አንድ ይመስላቸዋል። በቀጣሪው ዓይን ግን ቢያንስ በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ትምህርት ስለማጠናቀቅ የሚሰጥ ነው። ተማሪው ቪዲዮውን አይቶ፣ አጫጭር ጥያቄዎችን መልሶ ይወስደዋል። ሲመልስ ማንም አላየውም። ጓደኛው አጠገቡ ተቀምጦ ነግሮት ይሁን ራሱ አስቦ ይሁን የሚያረጋግጥ የለም። ይህን ስል ትምህርቱን ማጣጣሌ አይደለም፤ ዋጋው ከተማሪው ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ለመግለጽ ነው።

ሁለተኛው በሥራ የሚገኝ ነው። ለምሳሌ በ2014 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ፍሪኮድካምፕ የተባለው ነጻ ትምህርት ቤት ሰርተፍኬት የሚሰጠው ተማሪው የተመደቡለትን ፕሮጀክቶች ሠርቶ ሲያቀርብ ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲ ኤስ 50 የተባለው የታወቀ ኮርስም ከሳምንታዊ ከባድ የቤት ሥራ በኋላ የመጨረሻ ፕሮጀክት ይጠይቃል፤ እርሱም በነጻ ይገኛል። እዚህ ላይ ቀጣሪ ወረቀቱን ትቶ ፕሮጀክቱን ሊያይ ይችላል።

ሦስተኛው ተፈታኙ ማንነቱ ተረጋግጦ፣ እየተጠበቀ፣ በሰዓት ተወስኖ የሚወስደው ፈተና ነው። የሲስኮ የኔትወርክ፣ የአማዞን፣ የማይክሮሶፍትና የኦራክል ፈተናዎች ከዚህ ውስጥ ናቸው። ክፍያቸው በዶላር ስለሆነ ለእኛ ቤተሰብ ከባድ ነው። ብዙዎቹም ጊዜያቸው ያልፋል። ለምሳሌ የሲስኮ ሲ ሲ ኤን ኤ የሚያገለግለው ለሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ መታደስ አለበት። ቀጣሪዎች ይበልጥ የሚያምኑት ይህን ዓይነቱን ነው። በተለይ ኔትወርክና ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ላይ በስም ጠርተው ይጠይቁታል።

ሰፈር ውስጥ «ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት» ተብሎ የሚሸጠው ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ገንዘብ መክፈል፣ ጨርቁን ሳይዳስሱ ልብስ እንደ መግዛት ነው። «ፈተናውን የሚፈትነው ማን ነው? እናንተ ናችሁ ወይስ ሌላ ተቋም? ቀጣሪ ትክክለኛነቱን በኢንተርኔት ማረጋገጥ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ሰርተፍኬቱ ከንቱ ነው የሚሉ አሉ፤ ሁሉን በር ይከፍታል የሚሉም አሉ። ሁለቱም ከመካከለኛው መንገድ የወጡ ናቸው።

ኮርሴራ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ቤት ከመስከረም 2022 እስከ መጋቢት 2023 (እ.ኤ.አ.) ትምህርታቸውን በጨረሱ ከ800 ሺህ በሚበልጡ ተማሪዎች ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። አብዛኞቹ ከታዳጊ አገሮች የመጡና የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሌላቸው ነበሩ። በዕጣ ለተመረጡት ሰርተፍኬታቸውን ሊንክድኢን በተባለው የሥራ ሰዎች መድረክ ላይ እንዲለጥፉ ማበረታቻ ተሰጣቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲታይ፣ ማበረታቻውን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ አዲስ ሥራ የመያዝ ዕድላቸው በ6 በመቶ በልጦ ተገኘ። ጥቅሙም ከመጀመሪያው የመቀጠር ዕድላቸው ዝቅ ላለው ከፍ ብሎ ታየ። እንግዲህ ሰርተፍኬት ጥቅም አለው፤ በይበልጥም ሌላ ማስረጃ ለሌለው ሰው። ጥቅሙ ግን መቶ በመቶ ሳይሆን 6 በመቶ ነው።

በአንጻሩ በአሜሪካ ብዙ ታላላቅ ኩባንያዎች «ከእንግዲህ ዲግሪ አንጠይቅም፤ ችሎታ ብቻ ይበቃናል» ብለው አውጀው ነበር። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከሐርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ጋር የወጣ ጥናት ግን፣ በዚህ ለውጥ ምክንያት ዲግሪ ሳይኖረው የተቀጠረው ከ700 ሰው አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሳየ። ማወጅና ማድረግ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ሌላም አለ። ከሐርቫርድና ከኤም አይ ቲ የኢንተርኔት ኮርሶች ተመዝጋቢዎች መካከል በ2017-18 (እ.ኤ.አ.) እስከ መጨረሻ የዘለቁት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ነበሩ። አንድን ረጅም ኮርስ ከዳር ማድረስ በራሱ ጽናትን ያሳያል። አስተዋይ ቀጣሪም ይህን ይመዝነዋል።

በእኛ አገር ቀጣሪ ምን ያያል?

በአገራችን ቀጣሪ አንድ ዓይነት አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደንብ የሚሠራ ነው። የሥራ መደቡ የሚጠይቀው የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ በወረቀት ተወስኗል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በቴክኒክና ሙያ የሠለጠነም የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን፣ ማለፍ አለበት። የኢንተርኔት ሰርተፍኬት እዚህ ቦታ እንደ ተጨማሪ ሥልጠና ይያዝ ይሆናል እንጂ ዲግሪውን ወይም ሲኦሲውን አይተካም።

ስለዚህ 12ኛ ክፍል ላይ ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ኮዲንግን በኢንተርኔት ሲማር ጎን ለጎን በመንግሥት የሚታወቅ ማስረጃ ቢይዝ ይመረጣል። ከአስኮ ወደ ጳውሎስ በሚወስደው መንገድ ያለው ጄኔራል ዊንጌት፣ ድሮ የታወቀ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ታክሲ ላይ ሆኖ በየቀኑ የሚያልፈው ልጅ ግን በሩን አንኳኩቶ «ምን ታስተምራላችሁ?» ብሎ አይጠይቅም።

የግል ሶፍትዌር ድርጅቶች አሠራር ሌላ ነው። እነርሱ የሚፈልጉት ነገ ጠዋት ተቀምጦ የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህም ይፈትናሉ። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው ኤ ቱ ኤስ ቪ የተባለው ድርጅት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተማሪዎችን ሰብስቦ የሚያለማምደው ለዚሁ ነው። ተማሪዎቹ ወራትን ሙሉ ችግር መፍታት ይለማመዳሉ፤ ከመካከላቸው እስከ ጉግል ድረስ ዘልቀው የገቡ አሉ። የገቡት ግን ፈታኙ ፊት ጥያቄውን ስለፈቱ ነው።

እኔም በሥራዬ ምክንያት ለጥቂት ዓመታት በፈታኝ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። በአንድ ወቅት ዘጠኝ ሰርተፍኬት የያዘ ወጣት መጣ። ጥያቄያችን ከባድ አልነበረም። የሃያ ደንበኞች ስምና የወሰዱት የዱቤ ሒሳብ ተዘርዝሮ ተሰጠው፤ አንዳንዱ ስም ሦስትና አራት ጊዜ ተመላልሷል። «የእያንዳንዱን ሰው ጠቅላላ ዕዳ የሚደምር ፕሮግራም ጻፍ» አልነው። አንድ ሰዓት ሰጠነው። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። መጨረሻ ላይ «ኮርሱ ላይ ነበር፤ ረሳሁት» አለን። ፊቱን ሳይ ዛሬም ድረስ አልረሳውም፤ ያታለለን ሰው ፊት አልነበረም። እርሱ ራሱ የተታለለ ነበር። ዘጠኙ ወረቀት «ችለሃል» እያሉ ሲያሞግሱት ኖረው፣ እውነቱን የነገርነው እኛ ነን።

በዚያው ሳምንት የመጣች አንዲት እህታችን አንድ ሰርተፍኬት ብቻ ነበራት። ከእርሱ ጋር ግን ለአክስቷ ሱቅ የሠራችውን የዱቤ መዝገብ በስልኳ አሳየችን። መልኩ አያምርም። ስህተትም ነበረበት። ነገር ግን አክስቷ ለስምንት ወር ስትጠቀምበት ነበር። «ይህ ቁልፍ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» ስንላት «አክስቴ መነጽሯን ስትረሳ እንዳይጠፋባት ነው» አለችን። ለሙከራ ጊዜ ተቀበልናት።

ከታሪካችን ምን እንማራለን?

ይህ የወረቀትና የችሎታ ጉዳይ ለሙስሊሙ ኅብረተሰብ እንግዳ አይደለም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ዘወትር የሚጠራው «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል የመጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከኖረው ከሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። «አልጀብራ» የሚለውም ከመጽሐፉ ርዕስ የተወሰደ ነው። ልጆቻችን ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጡ ከሩቅ አገር የመጣ ነገር ብቻ እየተማሩ እንዳልሆነ ቢያውቁ መልካም ነው።

ከዚህ የበለጠ ለርዕሳችን የሚቀርበው የሐኪሞቹ ታሪክ ነው። በ319 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 931) በባግዳድ አንድ ሰው በሐኪም ስህተት ሞተ። ኸሊፋው አል-ሙቅተዲር ይህን ሲሰሙ ማንም ሐኪም ሳይፈተን እንዳያክም አዘዙ፤ ፈታኙም ሲናን ኢብኑ ሣቢት ሆነ። በዚያች ከተማ ከ800 የሚበልጡ ሐኪሞች ተፈትነው ፈቃድ እንዳገኙ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ዛሬ ዓለም የሙያ ብቃት ፈተና የሚለውን አያቶቻችን ከ1000 ዓመት በፊት ሠርተውበታል። የፈተናው መነሻ ደግሞ ክብር ፍለጋ አልነበረም፤ የሰው ነፍስ መጥፋት ነበር። ሰርተፍኬት ዋናው ዓላማው ያዡን ማስጌጥ ሳይሆን በሥራው የሚነካውን ሰው መጠበቅ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የራሳችንም አገር አለ። በወሎ በዳና፣ በገታ፣ በጫሊና በሌሎችም የዕውቀት ማዕከላት ደረሳው ስንቁን ይዞ ከሼህ ወደ ሼህ ይጓዝ ነበር። ነሕዉን በአንዱ ዘንድ፣ ፊቅሁን በሌላው ዘንድ ይቀራል። ኪታቡን ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል፤ ሲሳሳት ይታረማል። ሼሁ «ይህ ደረሳ ከእኔ ቀርቷል፤ ማስተማርም ይችላል» ሲሉ ኢጃዛ ሆነ። የኢጃዛ ክብደት በወረቀቱ ጥራት አልነበረም። ክብደቱ፣ የሚታወቁ ሼህ ተማሪውን በዓይናቸው አይተው፣ በጆሯቸው ሰምተው፣ ስማቸውን ከስሙ ጋር ማቆራኘታቸው ነበር። ሰንሰለቱ ላይ ያለ አንድ ሰው ውሸታም ሆኖ ከተገኘ ሰንሰለቱ በሙሉ ይወድቃል።

ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ዘንድ አንድ ሰው ስለሌላው ሊመሰክር በመጣ ጊዜ የጠየቁት ይታወቃል። ጎረቤቱ ሆነህ ታውቃለህን? አብረኸው ተጉዘሃልን? በገንዘብ ተገበያይተሃልን? ብለው ጠየቁት። ለሁሉም «አይ» ባለ ጊዜ፣ እንግዲያው ሰውየውን አታውቀውም አሉት። የዛሬ ቀጣሪ ፈተና ሲሰጥ፣ የሠራኸውን አሳየኝ ሲል፣ ለሁለት ወር ሞክረን እንይህ ሲል፣ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ብርቱና ታማኝ

በሱረቱል ቀሶስ ውስጥ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ መድየን ሲደርሱ የሆነውን እናስታውስ። ለሁለቱ እኅትማማቾች ከብቶቻቸውን አጠጡላቸው። ከዚያ ከልጆቹ አንዷ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው ስትል የሰጠችው ምክንያት ሁለት ነበር፤ ብርቱ መሆናቸውና ታማኝ መሆናቸው። ወረቀት አላሳዩም። ሥራቸውንና ጠባያቸውን ግን በዓይኗ አይታለች። የቅጥር ሕግ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል።

ብርታቱን ተመልክተናል። ታማኝነቱስ? የፈተናውን መልስ ከሰው ተቀብሎ ሰርተፍኬት የሚያወጣ፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የጻፈለትን ኮድ አንዲቷን መስመር እንኳ ሳይረዳ «የእኔ ሥራ ነው» ብሎ የሚያቀርብ፣ ከዚያም አልፎ ሐሰተኛ ማስረጃ የሚገዛ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በአንድ የእህል ክምር ውስጥ አስገቡ፤ ከላይ ደረቅ ሆኖ ከሥር እርጥበት አገኙ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ አታላይም ከእርሳቸው እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። ያልተማሩትን እንደተማሩ የሚያሳይ ሰርተፍኬት ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ክምር ነው። የቀጣሪ ፈተና ደግሞ ወደ ክምሩ የሚገባው እጅ ነው።

በእርግጥ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስን እንደ ረዳት መጠቀም ነውር የለውም፤ ቀጣሪዎችም ይጠቀሙበታል። ነውሩ ያልገባን ነገር የእኛ ማስመሰል ነው። እንዲያውም ማሽኑ ኮድ መጻፍ በቻለ ቁጥር፣ የጻፈው ትክክል መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይበልጥ ይፈለጋል።

ለወጣቶች

አንደኛ፣ ሰርተፍኬት ከመደርደር አንድ መንገድ ምረጡ። ድረ ገጽ ከሆነ ድረ ገጽ፣ ዳታ ከሆነ ዳታ። ስድስት ጀማሪ ሰርተፍኬት አንድ የጠለቀ ችሎታን አያህልም።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰርተፍኬት አንድ በእጃችሁ የሠራችሁት ነገር ይኑራችሁ። ሩቅ አትፈልጉ። በአስኮ የጫማ ሠሪው የቆዳና የሶል ወጪ ሒሳብ አለ። የሱቁ ዱቤ አለ። የዕቁቡ ተራ አለ። የመድረሳው ልጆች የሒፍዝ ክትትል አለ። በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛዋ፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የምታዝ መሆኗን አስተውሉ። የጎረቤትን ሒሳብ በትክክል የሚመዘግብ ፕሮግራም መሥራት እንዴት ያለ በጎ ሥራ ነው! የሠራችሁትንም ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ላይ አኑሩት፤ ቀጣሪ ገብቶ ያየዋል።

ሦስተኛ፣ የሚያርማችሁ ሰው ፈልጉ። ብቻውን የሚማር ስህተቱን አያይም። ሦስትና አራት ሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ፤ አንዱ የሌላውን ኮድ ያንብብ። ያለ ኮርስ፣ ያለ ስልክ፣ በባዶ ወረቀት ላይ ጥያቄ መፍታትም ተለማመዱ።

አራተኛ፣ በማመልከቻችሁ ላይ ሰርተፍኬቱን በሥራችሁ ሥር ጻፉት እንጂ በሥራችሁ ፋንታ አትጻፉት። ለቀጣሪው «ይህን ሠርቻለሁ፤ የተማርኩትም ከዚህ ነው» በሉት።

ለወላጆች

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ኮምፒዩተር ላይ ሲቀመጥ ጨዋታ ይሁን ትምህርት ለማወቅ ኮድ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። በሳምንት አንድ ጊዜ «ምን ሠራህ? አሳየኝ» በሉት። የሚያሳየው ካለ በርቱ፤ ከሌለ ምክንያቱን ጠይቁ። መብራት ሲጠፋና የኢንተርኔት ጥቅል ሲያልቅ ጊዜው እንደሚባክን ተረዱለት። ላፕቶፕ ለመግዛት ወይም ለኮርስ ለመክፈል ወለድ ያለበት ብድር ውስጥ አትግቡ፤ መሠረታዊው ትምህርት በነጻ ይገኛል። «ሥራ እናስይዛለን» የሚል ካለ፣ ከዚህ በፊት ያስያዛቸውን ልጆች አገናኙን በሉት።

ሴት ልጆቻችሁንም አትርሱ። ይህ ሙያ ጉልበት አይጠይቅም፤ ብዙው ክፍል ከቤት ሊሠራ ይችላል፤ ሒጃቧም አያግዳትም። ከሰዓት በኋላ የቤቱን ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ጭናችሁ ወንድሟን «አንተ ተማር» ካላችሁት ግን በቤታችሁ ውስጥ ያለውን አንድ ብርቱ ሠራተኛ ከበር መለሳችሁት ማለት ነው።

መደምደሚያ

የአስኮውን አባት በሚቀጥለው ሳምንት አገኘኋቸው። ከልጃቸው ጋር ለሁለት ሰዓት ተቀምጬ ነበር። ልጁ ሰነፍ አይደለም። ከስድስቱ ሰርተፍኬት ሁለቱን በሚገባ ተምሯቸዋል፤ አራቱን በችኮላ አልፏቸዋል። በሁለቱ ቦታዎች የተመለሰውም በፈተናው ላይ ነበር።

«አባባ፣» አልኳቸው፣ «አንድ ወጣት ስፌት ተምሬያለሁ ብሎ ወረቀት ይዞ ቢመጣብዎት ምን ያደርጋሉ?»

ሳቁ። «ወስፌና ቁራጭ ቆዳ እሰጠዋለሁ» አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ቆየት ብለው «ይህንንማ እኔ አውቀው ነበር» አሉኝ።

25 ሺህ ብሩን ለማሠልጠኛው አልከፈሉም። ከዕቁቡ ገንዘብ ከፊሉ ለአንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋለ፤ ከዚያ በፊት ልጁ በጎረቤት ኮምፒዩተር ነበር የሚማረው። አሁን የአባቱን ወርክሾፕ ሒሳብ የሚይዝ ፕሮግራም እየሠራ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ የተመለሰበትን ዓይነት ጥያቄ ይለማመዳል። ሥራ ገና አላገኘም። ዐረብ አገር ስለመሄድ ያነሳው ሐሳብም ጨርሶ አልጠፋም። አባትየው ግን ክላሰሩን ይዘው መዞራቸውን ትተዋል። «መጀመሪያ የእኔን ሒሳብ በትክክል ይደምርልኝ፤ ከዚያ ሰው ፊት እወስደዋለሁ» ይላሉ።

ሪዝቅ በአላህ (ሱ.ወ) እጅ ነው። ሰበቡን ማድረስ ግን የኛ ግዴታ ነው። አላህ ልጆቻችንን በእጃቸው ብርቱ፣ በልባቸው ታማኝ ያድርግልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።